አብረው የዘለሉት አራት መስመሮች

ዶክተሩ ከደረጃው ግርጌ ሞተው የተገኙት ከረፋዱ አራት ሰዓት ላይ ነው። ያገኛቸው ከሱቅ የተመለሰው የክሊኒኩ የመለኪያ ማሽን ባለሙያ ነበር። በሕንፃው የነበሩት ደግሞ የአራት ወር ሕፃን ይዛ የመጣች እናትና እዚያው በነርስነት የምትሠራው ታላቅ እህቷ ብቻ ናቸው።

መርማሪዋ በእናቲቱ ጀመረች።

«ከዶክተሩ ጋር ተጯጩሃችኋል አሉ።»

«አልዋሽም፣ ጮኼባቸዋለሁ። ሦስት ወር ሙሉ ልጅሽ ደህና ነው ሲሉኝ ከርመው፣ ዛሬ የግራ እግሩ ያሰጋኛል፣ እንቅስቃሴው እንደገና ይለካ አሉኝ። ከዚያ ወጥቼ ግቢ ውስጥ ሳለቅስ ነበር።»

«ማን አየሽ?»

«ማንም።»

እናቲቱ ልጇን አሰበች። እሷ ከታሰረች ያ ጡት ያልጣለ ልጅ ምን ሊውጠው ነው? እህቷ ትከሻዋን አቀፈቻት። «አይዞሽ፣ የመጣው ቢመጣ እኔ አሳድገዋለሁ።»

«አንቺስ የት ነበርሽ?» አለች መርማሪዋ።

«እታች፣ ልጁን ስለካ። ሕፃኑ ነቅቶ በጀርባው ይተኛል፤ ማንም አይነካውም። እጅና እግሩ ላይ የታሰሩት ሴንሰሮች የገዛ ራሱን መፈራገጥ ይመዘግባሉ። እስከ አራት ሰዓት ንቅንቅ አላልኩም፤ ማሽኑ ምስክሬ ነው።»

የማሽኑ ባለሙያም ተጠየቀ። «ባትሪ ልገዛ ሄጄ ነው። ባለሱቁን ይጠይቁት፤ ወሬ ከጀመረ መች ይለቃል!»

መርማሪዋ ባለሱቁን ጠይቃ፣ እውነት መሆኑን አረጋግጣ ተመለሰች። የማሽኑን መዝገብ ደጋግማ ካየች በኋላ ሦስቱንም ስክሪኑ ፊት ሰበሰበቻቸው።

«ልጅሽ ተኝቶ ሲፈራገጥ እጅና እግሩ እኩል ይንቀሳቀሳል?»

«የት አባቱ!» አለች እናቲቱ። «አንዱ ሲዘረጋ ሌላው ይሰበሰባል። የግራ እግሩማ ሰነፍ ናት።»

«እዚህ ግን ከአራት ሰዓት አሥር ደቂቃ ሲቀረው፣ አራቱም የእጅና የእግር መስመሮች በአንድ ምት አብረው ይዘላሉ። ይሄ መፈራገጥ አይደለም፤ ልጁን ታቅፎ የሚሄድ ሰው ርምጃ ነው። አሥራ አራት ጊዜ። ደረጃውም አሥራ አራት ነው። ከዚያ ጸጥታ፣ አንድ ኃይለኛ ንቅናቄ፤ ዶክተሩ የተገፉት ያኔ ነው፤ ከዚያ ደግሞ አሥራ አራት ወደ ታች።» ወደ ነርሷ ዞረች። «ሴንሰሩ የታሰረው እሱ ላይ ስለሆነ፣ አንቺን የሚመዘግብሽ አልመሰለሽም።»

«ለምን ብላ?» አለች እናቲቱ።

ባለሙያው ራሱን አከከ። «ያለፉት ሦስት መዝገቦች የልጅሽ አይደሉም። ከሌላ ሕፃን የተገለበጡ ናቸው፤ የተለካበት ሰዓት እንኳ አልተቀየረም። ዶክተሩ ዛሬ ጠዋት ነው የደረሱበት።»

«ሥራ በዝቶብኝ ነው» አለች ነርሷ። «ልጁ ደግሞ ደህና መስሎኝ ነበር። እንዳይነግሩሽ ልለምናቸው ነው የወጣሁት፤ ብቻውን እንዳያለቅስ ብዬም አቀፍኩት…»

«እታለም» አለች እናቲቱ፣ «ሌላ ሰው ቢሆን እኮ መዝገቡን አሳዪኝ እል ነበር። እህቴ ነሽ ብዬ አንድም ቀን አልጠየቅኩሽም።»

ነርሷ እጇን ብትዘረጋም እናቲቱ አልያዘችላትም። መርማሪዋ ይዛት ስትወጣም ቀና ብላ አላየችም። ልጇን ፍራሹ ላይ በጀርባው አስተኛችና ወንበር ስባ አጠገቡ ተቀመጠች።

«ለካልኝ» አለችው ባለሙያውን። «እኔ እያየሁ።»