አራተኛው ጥንድ

ጉንላይቭ የሞተው ከጎጆው አራት መቶ እርምጃ በማይሞላ ቦታ ላይ ነበር። በረዶውን እስከ ወገቡ ቆፍሮ፣ ጀርባውን ለነፋሱ ሰጥቶ፣ ፊቱን ወደ ጎጆው አዙሮ እንደ ተቀመጠ ነው የተገኘው። በረዶ ላይ ከሚንሸራተትባቸው ሁለት ረጃጅም ጣውላዎች የግራው ስኪ የጫማ ማሰሪያ ተሰብሯል። ኪሱ ውስጥ አንድ ያልተላጠ ብርቱካን ነበር።

መርማሪው ኢንግቫልድ ከሬሳው አጠገብ ተንበረከከና ሟቹ ሲያይ ወደ ነበረበት አቅጣጫ ተመለከተ። እሑድ ረፋድ ነው፤ ማዕበሉ አልፎ ሰማዩ ጥርት ብሏል። የጎጆው የደቡብ መስኮት ቁልጭ ብሎ ይታያል።

«ይሄ ሰው ጠፍቶ አይደለም የሞተው፤ እየጠበቀ ነው» አለ ለራሱ።

ሚስቱ ከሞተች ወዲህ ከራሱ ጋር ማውራት ለምዶበታል። ቤት ውስጥ ሌላ የሚመልስለት የለማ! ብርቱካኑን ከኮቱ ኪስ ከተተና ወደ ጎጆው አዘገመ።

ጎጆው ንብረትነቱ ጉንላይቭ ይመራው የነበረው የተራራ ማኅበር ነው። ውስጡ ሦስት ሰዎች፣ እያንዳንዳቸው የየራሳቸውን ጥግ ይዘው፣ ሳይተያዩ ተቀምጠዋል። የጎጆው ጠባቂ እትዬ ኦስሂልድ ሰባ ሁለት ዓመታቸው ነው፤ ምድጃው ጎን እጃቸውን አጣምረው ወለል ወለሉን ያያሉ። ዳግኒ የምትባለው አስተማሪ መስኮቱ ሥር ናት። የማኅበሩ ምክትል መሪ ቶርኬል ደግሞ ዳቦውን በቡናማ አይብ እየበላ ነበር። ኢንግቫልድ ሲገባ ማኘኩን አቆመ።

«የገደልኩት እኔ ነኝ» አሉ ኦስሂልድ ቀና ሳይሉ። «ጻፈውና ውሰደኝ።»

«ኧረ ቀስ ይበሉ፣ እትዬ። ከመጀመሪያው ይንገሩኝ።»

«ምን መጀመሪያ አለው? ፋኖሱን አወረድኩታ!»

ኢንግቫልድ ወንበር ስቦ አጠገባቸው ተቀመጠ። ሴትዮዋ ቀስ በቀስ አወጡት። ቅዳሜ ጠዋት ሦስቱ ወደ ተራራው ወጡ፣ እሳቸው ቀሩ። ከሰዓት በኋላ እርጥብ በረዶ ከነፋስ ጋር ወረደ። ዳግኒ ዘጠኝ ሰዓት ላይ ብቻዋን ገባች፤ ቶርኬል ከግማሽ ሰዓት በኋላ ደረሰና «ጉንላይቭ ማሰሪያው ተሰብሮበት እየጠገነ ነው፣ ከኋላዬ ይደርሳል» አለ። ሲጨልም ኦስሂልድ ፋኖሱን የደቡቡ መስኮት ላይ ሰቀሉ።

«ውጭ ሰው ካለ ይሰቀላል፤ ሁሉም ሲገባ ይወርዳል።»

«ሁሉም መግባቱን በምን ያውቃሉ?»

«በስኪው ነዋ! የገባ ሰው ስኪውን ግድግዳው ሥር በረዶው ላይ ይተክላል፣ እኔ በመስኮት እቆጥራለሁ። ሠላሳ አንድ ክረምት ቆጥሬአለሁ። አሥር ተኩል ላይ አራት ጥንድ ቆመው አየሁ፤ የኔ፣ የዳግኒ፣ የቶርኬል፣ የሱ። በቃ፣ ገብቶ ጓሮ ወዳለችው ትንሿ ጎጆ ልብሱን ሊቀይር ሄዷል ብዬ ፋኖሱን አወረድኩ። ሲያንኮራፋ ግድግዳ ስለሚነቀንቅ ሁልጊዜ የምናስተኛው እዚያ ነው።»

«ፋኖሱ ዝም ብሎ ሲበራ ቢያመሽ ምን ነበረበት?»

«እንዴ! ከሸለቆው ማዶ ያሉት ሰዎች ካዩት ሰው ጠፋ ብለው ነፍስ አድን ይጠሩብናላ! ፋኖስ እዚህ በከንቱ አይበራም።» ወደ በሩ ተመለከቱ። «አሥራ ሁለት ሰዓት ላይ ለእራት ልጠራው ወጣሁ። አልጋው አልተነካም። ዞሬ ግድግዳውን ባየው ስኪው ሦስት ጥንድ ነው። ሦስት! ዓይኔ ከድቶኛል፣ ልጄ። ሰውየውን ጨለማ ውስጥ ጥዬው ሾርባ አማስላለሁ። ፋኖሱን ወዲያው መልሼ ሰቀልኩ፤ ግን ረፍዶ ነበር፣ ማዕበሉም እስኪነጋ አላስወጣንም።»

ቶርኬል ከጠረጴዛው ሆኖ በለዘበ ድምፅ «አልፈርድባቸውም። ዕድሜ ነው፣ ማንም ሊሳሳት ይችላል» አለ።

ኢንግቫልድ ከምድጃው ጎን ያለውን የማገዶ ሳጥን እያየ ነበር። እንጨቱ ሞልቶ፣ ተርፎ፣ ወለሉ ላይ ተከምሯል።

«ማን ነው እንዲህ ለጋስ?»

«ቶርኬል ነው» አለች ዳግኒ፣ ፈገግታ በሌለው ፊት። «ሌላ ጊዜ ካልተለመነ አንዲት ፍልጥ አያነሳም። ትናንት ማታ ሁለት ጊዜ ወጥቶ አመጣልን።»

«በማዕበል ሴት ልላክ?» አለ ቶርኬል።

«ቸርነትህ ይብዛልን» አለችው።

ኢንግቫልድ ዳግኒን ወደ በረንዳው ይዟት ወጣ። ታናሽ እህቷ የዛሬ ሁለት ዓመት በማኅበሩ ጉዞ ላይ በረዶ ተንዶባት ሞታለች፤ መሪው ጉንላይቭ ነበር። ሸለቆው ሁሉ የሚያውቀው ይህን ነው።

«ትጠዪው ነበር?»

«ሁለት ዓመት ሙሉ። ትናንት ቁርስ ላይ እንኳ ስኒ ወርውሬበታለሁ። የመጣሁት ዓይን ዓይኑን እያየሁ እህቴን የት እንዳደረሳት ልጠይቀው ነው።»

«ምን መለሰልሽ?»

«‹ማታ እራት ላይ ሁሉንም እነግርሻለሁ፣ ማስረጃም አለኝ› አለኝ።» አፍንጫዋን በእጅጌዋ ጠረገች። «ማታ አልመጣም።»

«ቶርኬል ይሰማ ነበር?»

«አጠገባችን ዳቦ እየቀባ።»

«ከገባሽ በኋላ ከቤት ወጥተሽ ነበር?»

«በምን ጫማ? የኔ ርሶ ምድጃው ላይ ተሰቅሏል። እስከ አሥራ ሁለት ሰዓት በካልሲ ከእትዬ ጎን ካሮት ስልጥ ነበር።»

ኢንግቫልድ ወደ ትንሿ ጎጆ ገባ። አልጋው እንደ ተነጠፈ ነው። ከትራሱ ሥር አራት ላይ የታጠፈ ወረቀት አገኘ፤ ከጎጆው መዝገብ የተቀደደ ገጽ ነው። አንብቦ ኪሱ ከተተው። ከዚያ ወደ ማገዶ ቤቱ ሄደ። ከፍልጡ ክምር በስተኋላ ለአደጋ ጊዜ የሚቀመጡ አንድ ጥንድ የእንጨት ስኪዎች ግድግዳ ተደግፈው ቆመዋል። ጎንበስ ብሎ ጫፋቸውን በጣቱ ነካ።

ተመልሶ ሲገባ ቶርኬልን «የአደጋ ጊዜዎቹን ስኪዎች ትናንት ተጠቅማችሁባቸዋል?» ብሎ ጠየቀው።

«ከመስከረም ወዲህ ማንም አልነካቸውም።»

«እርግጠኛ ነህ?»

«የአደጋ ጊዜ ዕቃዎቹን የምቆጣጠረው እኔ እኮ ነኝ።»

«ጥሩ። እንግዲህ ሁላችሁም ተቀመጡ» አለ ኢንግቫልድ።

ተቀመጡ። እሱ ግን ቆሞ ቀረ።

«እትዬ ኦስሂልድ፣ ዓይንዎ አልከዳዎትም። አራት ጥንድ ነው ያዩት፣ አራት ጥንድም ነበር። ጉንላይቭ ግን አልገባም፤ ስኪው ከሬሳው ጋር ተገኝቷል። ታዲያ አራተኛው የማን ነው? ማገዶ ቤት ሄድኩ። ከመስከረም ወዲህ ማንም ያልነካቸው ስኪዎች እስከ ጉልበት ድረስ በረዶ ግግር ብሎባቸዋል። ትናንት ከሰዓት በኋላ የወረደው እርጥብ በረዶ ነው፤ ሲመሽ ብርዱ አደረቀው፤ ማገዶ ቤት ደግሞ እሳት ስለሌለ አልቀለጠም። እነዚያ ስኪዎች ትናንት ማታ ግድግዳው ሥር ተተክለው ነበር።»

ቶርኬል ዳቦውን ወደ ጎን ገፋ።

«የተከላቸው ሰው ፋኖሱ ከመውረዱ በፊት ወጥቷል። ከወረደ በኋላም፣ ከአሥራ ሁለት ሰዓት በፊት፣ ወጥቶ መልሷቸዋል። ዳግኒ በካልሲ ካሮት ስትልጥ ነበር። ሁለት ጊዜ የወጣው አንድ ሰው ነው። ሳጥኑም ሞልቶ የፈሰሰው ለዚህ ነው።»

ቶርኬል ሳቀ፤ ሳቁ ግን ደረቅ ነበር። «ምን ቆርጦኝ? ሰውየው እኮ ጓደኛዬ ነው!»

«አዎ፣ ጓደኛህ ነበር።» ኢንግቫልድ ወረቀቱን ዘረጋ። «የዕለቱ መሪ ጠዋት መዝገቡ ላይ ስሙን በገዛ እጁ ይጽፋል። ይሄ የዳግኒ እህት የሞተችበት ቀን ገጽ ነው። የተጻፈው ስም ቶርኬል ነው። ያን ቁልቁለት ተሻገሩ ያልከው አንተ ነህ። ልጅህ የተወለደችው በሳምንቱ ነው፤ ጉንላይቭ አዝኖልህ ይመስለኛል ገጹን ቀዶ ጥፋቱን ለራሱ የወሰደው። ትናንት ግን ለዳግኒ ሊነግራት ወሰነ።»

ዳግኒ ተነሥታ ወረቀቱን ከእጁ ተቀበለች። ሁለት ጊዜ አነበበችው። «ስኒ ወረወርኩበት» አለች። «ዝም ብሎ ስብርባሪውን ለቀመ።»

ቶርኬል ብድግ አለ። «እሺ፣ ተክያለሁ! ግን ጣት አላነሣሁበትም! ፋኖሱን እኔ ነኝ ያወረድኩት?»

«የሚያወርዱትን እጆች ግን ታውቃቸው ነበር» አለ ኢንግቫልድ። «በማዕበል መንገድ የጠፋበት ሰው እንደማይንከራተት፣ ቁጭ ብሎ ፋኖሱን እንደሚጠብቅም ታውቃለህ። ያስተማረህ እሱ ነው።»

ኦስሂልድ ለመጀመሪያ ጊዜ ቀና አሉ። «ትክክል ነው የቆጠርኩት?»

«ትክክል ነው፣ እትዬ።»

«ፋኖሱ ሲጠፋ አይቶታል?»

ኢንግቫልድ መዋሸት ፈለገ፤ አልቻለም። «አላውቅም። ፊቱ ግን ወዲህ ነበር።» ብርቱካኑን ከኪሱ አውጥቶ ሰጣቸው።

ሴትዮዋ በሁለት እጃቸው ተቀበሉት። «የራሱን በልቶ አያውቅም። ለኔ ነው የሚያመጣው፤ ሠላሳ አንድ ክረምት» አሉና አለቀሱ።

ከሰዓት በኋላ ነፍስ አድኖቹ ቶርኬልንና ሬሳውን ይዘው ወረዱ፤ ዳግኒም ከሬሳው ጎን ሄደች። ኦስሂልድ አልወርድም አሉ። ኢንግቫልድ ለምኖ ሲያቅተው በበረዶ ሞተሩ ብቻውን ተነሣ።

ግማሽ መንገድ ላይ ሲጨልምበት ዞር ብሎ አየ። የደቡቡ መስኮት ላይ ፋኖሱ ተሰቅሏል። ግድግዳው ሥር የቀረው አንድ ጥንድ ስኪ ብቻ መሆኑን ያውቃል፤ እሱም የሳቸው።

ሞተሩን አጥፍቶ ሬዲዮውን አነሣ። ሕጉን አሁን ያውቀዋል፤ ፋኖስ ሲበራ ሰው አልገባም ማለት ነው።

«ነፍስ አድን፣ ይሰማል? ጎጆው ላይ ፋኖስ በርቷል ብሎ የሚደውል ሰው ካለ ማንም እንዳይወጣ።»

«ሰው ጠፍቷል እንዴ?»

«አዎ» አለ ኢንግቫልድ። «ግን አይፈለግም። ይብራላቸው።»