ያበጠው ባትሪ

ከሚሴ ውስጥ ከዋናው አስፋልት ትንሽ ገባ ብሎ ባለ የጥገና ቤት ሙሀመድኑር የሚባል የሠላሳ ሁለት ዓመት ሰው ከታናሽ እህቱ ከሱዓድ ጋር ይሠራ ነበር። መጀመሪያ ባጃጅና ሞተር ሳይክል ነበር የሚጠግኑት። ኋላ ግን በኤሌክትሪክ የሚታገዙ ስድስት የተራራ ብስክሌቶች ገዙና እንግዶችን ወደ ደጋው ሐይቆች የሚወስዱ አስጎብኚዎች ሆኑ። ጉዞው አራት ቀን ይፈጃል። በመጀመሪያው ቀን የጨፋን ሜዳ አቋርጠው ሐርቡ ያድራሉ። በሁለተኛው ቀን የአልቡኮን ዳገት ወጥተው ማይባር ሐይቅ ይደርሳሉ። ከዚያ በደሴ በኩል አርዲቦን አይተው ሐይቅ ከተማ ላይ ያበቃሉ። ፔዳሉን ሲረግጡት ባትሪው ስለሚያግዝ ጉልበቱ የደከመ ሰውም ቢሆን ያንን ሁሉ ዳገት መውጣት ይችላል።

ሙሀመድኑር ክፉ ሰው አልነበረም። የተቸገረ ሰው ሲያይ እጁ አይታጠፍም፣ ሶላቱንም አያሳልፍም። ግን አንድ ልማድ ነበረው፤ ብዙዎቻችን ያለን ልማድ ነው። የሳሳ ፍሬን ይዞ ለመጣ ሾፌር «ምንም አይሆንም፣ ለዛሬ ያደርስሃል» ይላል። የተላጠ ሽቦ ሲያይ በፕላስቲክ ጠቅልሎ ያልፈዋል። እስካሁንም እንዳለው ምንም ሳይሆን ቀርቶለታል። ሱዓድ በዚህ ነገር ዘወትር ትጨቃጨቀው ነበር። እሷ ቡሎን እንኳ ሁለት ጊዜ ሳታጠብቅ የማታልፍ ሴት ናት።

ከጥቂት ዓመታት በፊት በጥቅምት ወር አራት እንግዶች ይዘው ተነሡ። ሦስቱ ከአዲስ አበባ የመጡ የሥራ ባልደረቦች ሲሆኑ አራተኛው የከሚሴው መምህር እንድሪስ ነበሩ። ስልሳ አራት ዓመታቸው ነው፤ ጂኦግራፊ አስተምረው ጡረታ ወጥተዋል። ሠላሳ ዓመት ሙሉ የወሎን ሐይቆች በጠመኔ ሰሌዳ ላይ ሲስሉ ኖረው ማይባርን በዓይናቸው አይተውት አያውቁም። ሙሀመድኑርንም ሱዓድንም ያስተማሩ እሳቸው ናቸው። ስለዚህ ወንድምና እህት ለጉዞው የተዘጋጁት ለሳቸው ሲሉ ጭምር ነበር። ስድስት ሰው፣ ስድስት ብስክሌት፤ ትርፍ ባትሪ ግን አልያዙም። ሱዓድ አንድ እንያዝ ብላ ነበር፤ ሙሀመድኑር ክብደት ነው ብሎ ተወው።

የመጀመሪያው ቀን ጠዋት ደስ የሚል ነበር። ማሽላው እሸት ይዟል፣ የቦርከና ወንዝ ውኃም ጎድሏል። እኩለ ቀን ሲቃረብ ግን አንድ ድንጋያማ ጅረት ሲሻገሩ የመምህር እንድሪስ ብስክሌት ተንሸራቶ ወደቀ። እሳቸው ክርናቸው ከመላጡ በቀር ደህና ነበሩ። ብስክሌቱ ግን በባትሪው በኩል ቋጥኝ ላይ ነበር ያረፈው። ሱዓድ ስታነሣው የባትሪው ሽፋን ከጥግ እስከ ጥግ ተሰንጥቋል፤ ውኃም ነክቶታል። ሙሀመድኑር በሽርጡ ጠርጎ ስንጥቁን በፕላስተር ጠቀለለውና ማብሪያውን ተጫነው። መብራቱ በራ። እንግዶቹ አጨበጨቡለት።

ሐርቡ ደርሰው እንግዶቹ ታጥበው አረፍ ሲሉ ሱዓድ ባትሪውን ለማውጣት ሞከረች። ጠዋት በቀላሉ ገብቶ የነበረው ባትሪ ከመቀመጫው አልላቀቅ አላት። ታግላ ስታወጣው አንዱ ጎኑ ሆዱ እንደተነፋ ከብት አብጧል። በመዳፏ ስትነካው ይሞቃል፤ ብስክሌቱ ከቆመ ግን አንድ ሰዓት አልፎታል። ከውስጡም የቀለም ማቅጠኛ የሚመስል ሽታ ይወጣ ነበር።

ወንድሟን ወደ ጓሮ ጠርታ አሳየችው። ይህን ባትሪ ከሰውና ከቤት አርቀን እንተወው፣ መምህሩ ነገ የእኔን ባትሪ ይውሰዱ፣ እኔ በመኪና ደሴ ሄጄ እጠብቃችኋለሁ አለችው። ሙሀመድኑር ባትሪውን አገላብጦ አየው። ያየውን ያውቃል፤ ሥራው ነውና። ያበጠ ባትሪ ከእንግዲህ ባትሪ እንዳልሆነ በዚያች ደቂቃ ልቡ ነግሮታል። ግን በመጀመሪያው ቀን ዕቃችን ተበላሸ ብሎ እንግዶቹ ፊት መቆም አፈረ። የአዲስ አበባዎቹ ፎቶ አንሥተው ለሰው ሁሉ ሲያሳዩ ውለዋል፤ ነገ ምን ሊሉ ነው?

«ምንም አይሆንም» አላት። «ዳገቱን ይውጣልን ብቻ። ደሴ ስንደርስ እጥለዋለሁ።»

«አያ፣ ይሄ እኮ የሳሳ ጎማ አይደለም፤ እሳት ነው የተሸከምነው» አለች ሱዓድ።

ድምፅሽን ቀንሺ፣ እንግዶቹ ይሰማሉ አላት። ታላቋ ነውና ዝም አለች። በዚህ ዝምታዋ እስከ ዛሬ ትጸጸታለች።

በማግስቱ ዳገቱን ወጡ። ከፍ እያሉ ሲሄዱ አየሩ ቀዘቀዘ፣ ጉሙም እየወረደ መንገዱን ይሸፍንባቸው ጀመር። ሙሀመድኑር ፊት ፊት እየመራ ሳለ ጆሮው ያለው ከኋላው ነበር። የመምህሩ ብስክሌት እንደሌሎቹ አያፏጭም፤ ይንተከተካል። ሁለት ጊዜ ቆሞ ባትሪውን ዳሰሰው። ሁለቱንም ጊዜ እጁን ቶሎ አነሣ። ሊተወው አሰበና ሐይቁ ሊደርስ አንድ ሰዓት ብቻ ነው የቀረው ብሎ ቀጠለ።

ሐይቁ ድንገት ከታች ተዘርግቶ ሲታያቸው መምህር እንድሪስ ከብስክሌታቸው ወርደው ቆመው አዩት። በኋላ የሐይቁን ቅርፅ ተሳስቼ ኖሯል የምስለው ብለው ሳቁ። ሙሀመድኑር ያን ሳቅ ሲሰማ ልክ ነበርኩ አለ በልቡ።

ያረፉት ከሐይቁ ዳር ትንሽ ከፍ ብሎ ባለው የፋጥማ ቤት ነበር። ፋጥማ ባሏ የሞተባት አርሶ አደር ስትሆን ከሽማግሌ አባቷ ከሼህ ኸይሩ ጋር ትኖራለች። ሼህ ኸይሩ ዓይናቸው ከጠፋ ቆይቷል። እንግዶቹ ሲገቡ በኦሮምኛም በአማርኛም እየቀያየሩ ሰላምታ ሰጧቸው፣ እያንዳንዳቸውንም እጅ ይዘው መረቁ። የመምህር እንድሪስን እጅ ሲይዙ ጠመኔ የያዘ እጅ ነው ብለው ሁሉንም አስገረሙ።

ከምሳና ከዙህር ሶላት በኋላ እንግዶቹ በእግር ሐይቁን ሊዞሩ ተነሡ። ባትሪዎቹ ቻርጅ መደረግ ነበረባቸው። ሱዓድ ያበጠውን እንዳይነካው፣ የግድ ከሆነም ሜዳ ላይ፣ ድንጋይ ላይ አስቀምጦ አጠገቡ እንዲቀመጥ ነግራው እንግዶቹን ይዛ ወጣች። ሙሀመድኑር እንዳለችው ደጅ ላይ አስቀምጦት ነበር። ነገር ግን ካፊያ ጀመረ። ጭድና እህል ከሚቀመጥበት ጓዳ ውስጥ ሶኬት ነበር። አምስቱን ባትሪዎች እዚያ ሰካ፤ ስድስተኛውን ይዞ ደፉ ላይ ትንሽ ቆመ። ፋጥማ ወደ ውኃ ልትወርድ ስታልፍ አባቷ ከጓዳው ቀጥሎ ባለው ክፍል ጋደም እንዳሉ ነገረችውና ድምፅ እንዳያሰማ ለመነችው። እሺ አላት። ስድስተኛውንም ሰካው። በሩን ቀስ ብሎ ዘጋና ከእንግዶቹ ጋር ፎቶ ሊነሣ ወረደ።

ግማሽ ሰዓት እንኳ አልሞላም። ሐይቁ ዳር ቆመው ሳለ ከባድ በር የተወረወረ የሚመስል ድምፅ ከላይ መጣ። ቀጥሎ ከቆርቆሮው ሥር ነጭ ጭስ ተስቦ ወጣ፤ ነጩ ወዲያው ጠቆረ። ፋጥማ ጄሪካኗን ጥላ ስትሮጥ ሙሀመድኑር ቀደማት። ጭዱ ተያይዞ እሳቱ ወደ ውስጠኛው ክፍል አልፏል። ጋቢ ውኃ ውስጥ ነክሮ ፊቱ ላይ ጣለና ገባ። ሽማግሌውን ያገኛቸው ግድግዳውን በእጃቸው እየዳሰሱ በሩን ሲፈልጉ ነበር፤ ጭሱ መንገዱን አስቷቸው ከበሩ እየራቁ ነበር። ተሸክሟቸው ወጣ። እጁና አንገቱ ተቃጠለ። ጎረቤቱ ሁሉ ውኃና አፈር ይዞ ቢደርስም ባትሪዎቹ ጠፉ ሲባል እንደገና እየተነሡ ቤቱን እስከ መሠረቱ በሉት።

ሼህ ኸይሩ ደሴ ሆስፒታል ገቡ። ቁስላቸው ብዙ አልነበረም፤ የዋጡት ጭስ ግን ሳንባቸውን አቃጥሎት ኖሮ በሦስተኛው ቀን ዐረፉ።

ከዚህ በኋላ የሆነው ነገር ለሙሀመድኑር ከእሳቱ የከፋ ነበር። የሀገሩ ሰው ቃጠሎው የመብራቱ መስመር ጣጣ ነው ብሎ ደምድሟል፤ መስመሩ ከዚያ በፊትም ያስቸግር ነበርና። እሱ ደግሞ ለማያውቀው ሽማግሌ እሳት ውስጥ የገባ ጀግና ሆነ። ሴቶች የተጠቀለለ እጁን እያዩ ያለቅሱለታል። አንድ ሽማግሌ ልጄ፣ ይህ የአላህ ቀደር ነው፣ እሱ የጻፈው ነው፣ አንተ ያለብህን አድርገሃል ብለው አጽናኑት። አሜን አለ።

እውነቱን የሚያውቁት ሁለት ሰዎች ብቻ ነበሩ። ሱዓድ በሆስፒታሉ ኮሪደር አጠገቡ ተቀምጣ ቀስ ብላ ነገረችው።

«እኔ ወንድሜን አልከስም። ግን ሰው ሲያመሰግንህ አጠገብህ መቆም አልችልም።»

ተነሥታ ወደ ከሚሴ ሄደች።

ለተዕዚያ ለቅሶ በተቀመጡበት በአራተኛው ቀን ሙሀመድኑርን ከሽማግሌዎቹ ጎን፣ ከክብር ቦታ አስቀመጡት። ዱዓ ተደርጎ ሲያበቃ አንዱ ስለ ጀግንነቱ ሊናገር አፉን ከፈተ። ሙሀመድኑር ተነሥቶ ቆመ። ስለ ጅረቱ፣ ስለ ስንጥቁ፣ እህቱ ስላስጠነቀቀችው፣ እንግዶቹ ፊት ስለማፈሩ ሁሉንም ተናገረ። መስመሩ ንጹሕ ነው፣ እሳቱን ይዤ የመጣሁት እኔ ነኝ አለ። እኒያ ያጽናኑት ሽማግሌ ራሳቸውን እየነቀነቁ ቢሆንም ቀደር ነው ሊሉ ሲጀምሩ ፋጥማ ከሴቶቹ መካከል ተናገረች።

«ባትሪው እንደተበላሸ ታውቅ ነበር?»

«አውቅ ነበር።»

«አባቴ አጠገቡ እንደተኛስ?»

«ነግረሽኝ ነበር።»

ፋጥማ ነጠላዋን ሰብሰብ አደረገች። «የአባቴ የሞት ቀን የአላህ ነው፤ በዚያ አልከራከርም። እኔ የምጠይቅህ ስለ እጅህ ነው። ያንን ነገር የሰካው የአንተ እጅ ነው።»

«የኔ እጅ ነው» አለ ሙሀመድኑር።

በዚያው ቀን በራሱ እግር ፖሊስ ጣቢያ ሄዶ ቃሉን ሰጠ። ጉዳዩ በሕግ ታየ፤ የተፈረደበትንም ፈጸመ። ሽማግሌዎቹ ለእርቅ ሲቀመጡ ፋጥማ ገና ይቅር ብዬሃለሁ አልልህም አለችው። ከከሚሴ እስከ እዚህ ብስክሌቶችህን ባሳደርክበትና ባሳረፍክበት ቤት ሁሉ ሂድ፣ እንደዚያ ቀን ቆመህ ተናገር፣ ከዚያ ተመለስ አለችው።

አንባቢ ሆይ፣ በዚህ ታሪክ ውስጥ አንድም ክፉ ልብ ያለው ሰው የለም። ሽማግሌውን የገደለው እያወቁ ማለፍ ነው። የወደቀ፣ የተሰነጠቀ፣ ያበጠ ወይም ያለ ምክንያት የሚሞቅ ባትሪ የስልክም ይሁን የሶላር፣ የሞተርም ይሁን የብስክሌት፣ ቻርጅ አይደረግም፤ ሰው ከሚተኛበት ቤትም አይገባም። ይህን ለማወቅ ትምህርት አያሻም። የሚያሻው ሰው ፊት «ተበላሽቶብኛል» የማለት ድፍረት ነው። ያልተወጣነውን ኃላፊነት በአላህ ቀደር ማሳበብም ከባድ ነገር ነው፤ ቀደሩ የእሱ ነው፣ አደራው ግን የእኛ ነው።

ሙሀመድኑር መንገዱን በእግሩ ሄደ። ሱዓድ የሄደበትን ምክንያት ስትሰማ መሣሪያዋን በጀርባዋ አዝላ ሐርቡ ላይ ተቀላቀለችው። እሱ በየቤቱ ቆሞ ይናገራል፣ እሷ ባትሪና ሽቦ ትመረምራለች። አንዳንዱ ቤት ስድብ ጠበቃቸው፤ አንዳንዱ ቤት ደግሞ ሰዉ ዝም ብሎ አዳመጣቸው። በዘጠነኛው ቀን ፋጥማ ከጎረቤቶቿ ጋር ካቆመችው አዲስ ጎጆ ደጃፍ ደረሱ። ፋጥማ በሩ ላይ ቆማ ሰዎቹ ምን እንዳሉት ጠየቀችው።

ሙሀመድኑር ብዙዎቹ የአላህ ነው እንዳሉት ነገራት። አንዲት እናት ግን ምንም ሳትናገር ወደ ውስጥ ገብታ ልጆቿ ከሚተኙበት መደብ ሥር ያበጠ የሶላር ባትሪ አውጥታ ለሱዓድ እንደሰጠቻት ጨመረላት።

«ስንት ልጆች ናቸው?» አለች ፋጥማ።

«ሦስት።»

ፋጥማ ከበሩ ዘወር አለችና ሁለቱም እንዲገቡ መንገድ ለቀቀችላቸው።