በየጎፍ የተጠራው ወፍ

በ1979 ክረምት ሦስቱ ሰዎች ከኮምቦልቻ ሲነሡ ጉም የየጎፍን ተራራ እስከ ወገቡ ውጦት ነበር። አንደኛው፣ ስማቸው የሚባለው፣ ከኮሌጅ ወጥቶ በደን ሥራ የተቀጠረ ወጣት ነው። የሚወጣው አንድ ብርቅ ወፍ ፍለጋ ነው፤ ወፉ ካለ ደኑን ሊቆርጥ የታዘዘው መጋዝ ከላይኛው ሸለቆ ይመለሳል፣ ከሌለ ጥዱና ወይራው በበጋ ይወድቃል። ቀደም ሲል ድምፁን ሰምቶ ቢናገር አለቆቹ ርግብ ነው ብለው ስቀውበታል። አሁን በምስክር ፊት ማየት አለበት። ምስክሩ ሚሊሻው ሞላ ነው፤ አቅርቦ የሚያሳይ መነጽር የያዘ ሰው በስለላ ስለሚጠረጠር ብቻውን ጫካ አይለቀቅም። መንገድ እንዲመራ ቀበሌው ያዘዘው ደግሞ የሸለቆውን ገበሬ ጀላልን ነው።

ዝናቡ ወንዙ ዳር ያዛቸው። ጎርፉ ስማቸውን ጠልፎ ሲወስደው ሞላ በጠመንጃው ማንገቻ ጎትቶ አወጣው፤ ወፍ ሳታይ ዓሣ ልትሆን ነበር ብሎም ቀለደበት። አፋፉ ላይ ግልገሎች ያሏት ከርከሮ ከቁጥቋጦ ተወርውራ የጀላልን ዱላ ሰብራ አለፈች። ጀላል ለእሷ አልደነገጠም። ፊቱ የገረጣው ሸለቆው ሲቀርብ ነው።

ወፉ አብዛኛውን ጊዜ ዝምተኛ ነው። አረንጓዴ ጀርባውን ሰጥቶ ከቅጠል ጋር ይመሳሰላል፤ ቀይ ሆዱን ካላሳየ እሱ ነው ማለት አይቻልም። አድብተው ጠበቁ። ጉሙ መውረድ ሲጀምር ስማቸው ድምፁን በአፉ አስመስሎ ሊጠራው ተነሣ።

«አትጥራው» አለ ጀላል።

«ሊጨልምብን ነው፣ ጋሼ።»

«በአላህ ይዤሃለሁ፣ ተው።»

ስማቸው፣ ጀላል ወፉ ይደነግጣል ብሎ የሰጋ መሰለው። እጁን አፉ ላይ ከድኖ፣ ዝግ ባለ ድምፅ፣ እያሰለሰ ጠራ።

ከዛፎቹ መሀል የጀላል ልጅ የሱፍ ብቅ አለ። ከውትድርና አፈሳ ሸሽቶ እዚያ ከርሟል። ቤተሰቡ ስንቅ ሲያደርስለት የሚጠራው በዚሁ የወፍ ድምፅ ነበር።

«አባባ፣ ዛሬስ ቶሎ መጣህ» አለ። ከዚያ ጠመንጃውን አየ።

ጀላል የሞላ እግር ላይ ወደቀ። ስማቸውም ማንንም አላየሁም ብዬ እምላለሁ ሲል ለመነ። ሞላ ፊቱን አዞረ።

«የምልምል ኮታው አልሞላም፣ ጀላል። ያንተን ብተወው የኔን ልጅ ብሩን ነው የሚወስዱት።»

የልጁን እጆች ሲያስር፣ ከራሳቸው በላይ አንድ ቅጠል የመሰለ ነገር ዞረ። ቀይ ሆድ ታየ።

«ያ ነው?» አለ ሞላ።

«እሱ ነው» አለ ስማቸው።

«እንግዲያው እመሰክርልሃለሁ።»

መሰከረለትም። መጋዙ ወደ ሌላ ደን ሄደ። ታኅሣሥ ላይ ስማቸው ሸለቆውን ሊያይ ብቻውን ወጣ። ጀላል ከአጨዳው ቀና አለ፤ ሰላምታውን አልመለሰለትም።

«ውጣ፣ ወፍህ እዚያው አለልህ» ብሎ ወደ ማጭዱ አጎነበሰ።

ስማቸው ወደ ሸለቆው ሳይወጣ፣ የመጣበትን መንገድ ይዞ ወረደ።