በጣትሽ ብቻ

ይህ የሆነ ነገር ነው። ምዬም ያላመኑኝ ሰዎች አሉ፤ የገዛ ባሌ አንዱ ነው። ስለዚህ አልምልላችሁም፣ እንደሆነው ብቻ እጽፈዋለሁ።

መጋቢት ውስጥ ነው። ማክሰኞ፣ ከቀኑ አስር ሰዓት።

ጨለማ አልነበረም። መብራትም አልጠፋም። ኮሪያ ውስጥ፣ ቾንጁ ከተማ፣ አንድ አሮጌ አፓርታማ ስድስተኛ ፎቅ ላይ፣ ፀሐይ በሰገነቱ መስታወት ገብታ ሳሎኔ መሃል ተዘርግታ ነበር።

ግን መጀመሪያ ስለ ዳሶም ልንገራችሁ።

ልጄ ናት። ሁለት ዓመት ከአራት ወር።

ሕፃን ያሳደገ ያውቀዋል። ሩዙን ስታጎርሷት ትተፋዋለች፣ መሬት የወደቀውን ግን ለቅማ ትበላለች። ጫማ ላድርግልሽ ስትሏት "እኔ! እኔ!" ብላ ግራና ቀኙን ታቀያይረዋለች። ፖፖ ላይ ግማሽ ሰዓት ተጎልታ፣ ተነስታ ሁለት እርምጃ ሳትሄድ ምንጣፉ ላይ ትለቀዋለች። ተናድጄ ልቆጣት ስል አንገቴ ላይ ትጠመጠማለች። ከዚያ ማን ይቆጣል?

ከሁሉ የባሰው ግን ሩጫዋ ነበር።

ከቀን እንቅልፏ ልክ አስር ሰዓት ላይ ትነሳለች። ከዚያ ዱብ ዱብ ዱብ... ከመኝታ ቤት እስከ ማቀዝቀዣው። ማቀዝቀዣው ላይ የተለጠፈችውን የፕላስቲክ ዳክዬ በመዳፏ መታ ታደርጋለች። ከዚያ ዞራ እስከ ሰገነቱ በር።

ከእኛ ሥር፣ አምስተኛ ፎቅ ላይ፣ አባባ ባንግ ይኖራሉ። ሚስታቸው የሞተችባቸው፣ ጡረታ የወጡ፣ ጆሯቸው እንደ ጥንቸል የሆነ ሽማግሌ ናቸው። አፓርታማ ውስጥ ልጅ ያለው ሰው ከሥሩ ለሚኖረው ጎረቤት አንገቱን ደፍቶ ነው የሚያድረው። በየበዓሉ መንደሪን በካርቶን ይዤ እየወረድኩ ይቅርታ እጠይቃለሁ። ወፍራም የስፖንጅ ምንጣፍ ገዝቼ ቤቱን ከዳር እስከ ዳር አልብሼዋለሁ።

ያም ሆኖ ከጎረቤት የሚያገናኘን የግድግዳው ስልክ ይጮሃል።

"የዳሶም እናት! ጣሪያዬ ሊወርድ ነው! ሕፃን ነው የምታሳድጊው ወይስ ፈረስ?"

ታዲያ አስተማርኳት።

"በጣትሽ ብቻ የኔ እናት... ተረከዝሽን አታሳርፊ... አባባ ይቆጣሉ።"

በሳምንቱ ለመደችው። ጣቷን ከንፈሯ ላይ አድርጋ "እሽሽሽ..." እያለች፣ በእግሯ ጣቶች ቆማ እንደ ድመት ትሄዳለች። እኔ ዞር ካልኩ ትረሳውና ትሮጣለች። ሳያት ግን ወዲያው ተረከዟን ታነሳለች። እኔም አጨበጭብላት ነበር።

ያጨበጨብኩላት እኔ ነኝ።

ህዳር ላይ ለብርዱ ወራት የሚቀመጠውን ጎመን ልዘፈዝፍ ትልቁን ቀይ ሳፋ ሰገነቱ ላይ አስቀምጬ በጨው ውሃ ሞላሁት። ዳሶም ተኝታለች። እኔ ወጥ ቤት ነጭ ሽንኩርት እልጣለሁ፣ ጆሮዬን ወደ መኝታ ቤቱ ጥዬ። ስትነሳ እሰማታለሁ ብዬ።

አልሰማኋትም።

በጣቷ ነው ወደ ሰገነቱ የሄደችው።

ስለዚያ ቀን ከዚህ በላይ አልጽፍም።

አባቷ ከቀብሩ በኋላ እናቱ ቤት ገባ። ከመሄዱ በፊት ምንጣፎቹን ላንሳቸው ቢለኝ ጮህኩበት። እንዳሉ ቀሩ።

እንግዲህ ያ ማክሰኞ ደረሰ። ለአስር ሰዓት ሃያ ጉዳይ ላይ የበሩ ደወል ተደወለ።

አባባ ባንግ ናቸው። በአንድ እጃቸው ከዘራ፣ በሌላው ብብታቸው የመንደሪን ካርቶን ይዘዋል። ዳሌያቸው ተሰብሮ ከጥቅምት ጀምሮ ሴት ልጃቸው ዘንድ ሌላ ከተማ ነበሩ። ማንም ምንም አልነገራቸውም።

"ይቅርታ ልጠይቅ ነው የመጣሁት" አሉኝ። "ያቺን ሕፃን አሳቀቅኋት።"

"አባባ..."

"ቆይ ልጨርስ። አምስት ወር በጀርባዬ ተኝቼ ጣሪያ ሳይ ከረምኩ። ኮቴ የለ፣ ሳቅ የለ። ጸጥታም ለካ ሰው ይገድላል! እሁድ ቤቴ ገብቼ፣ አስር ሰዓት ላይ ስሰማት... አለቀስኩ ብልሽ ታምኛለሽ?"

በሩን ሙሉ በሙሉ ከፈትኩት።

"...ምኗን ሰሙ?"

"ሩጫዋን ነዋ! እሁድ ሰማኋት፣ ትላንትም ሰማኋት። ተያት ትሩጥ። ጣሪያው ቢወርድ በኔ ላይ ነው።"

ልነግራቸው አፌን ከፈትኩ። የሚስቁ ዓይኖቻቸውን እያየሁ እንዴት ልንገራቸው?

ሰዓቱን አየሁ። ለአስር ሰዓት አስር ጉዳይ።

"አባባ..." አልኩ በሹክሹክታ። "እርስዎ ቤት ልምጣ?"

ቤታቸው ልክ እንደ እኔው ቤት ነው፤ እዚያው ላይ በር፣ እዚያው ላይ መስኮት። ወለሉ ላይ ቁጭ ብለን ወደ ላይ አንጋጠጥን። ሽማግሌው እንደ ልጅ ጓጉተዋል።

ምንም የለም...

ምንም...

ዱብ።



ዱብ ዱብ ዱብ ዱብ...

ከመኝታ ቤቱ ጀመረ። በጭንቅላታችን ላይ አልፎ ወደ ማቀዝቀዣው ሄደ። እዚያ ቆመ።

መታ።

ዳክዬዋ።

ከዚያ ዞረ። ዱብ ዱብ ዱብ... ወደ ሰገነቱ በር። እዚያ ሲደርስ ቀጥ አለ። አልተመለሰም።

"ሰማሽ?" ሹክ አሉኝ እየሳቁ።

ራሴን ነቀነቅኩ። እንባዬ አገጬ ላይ ይንጠባጠባል። ለአራት ወር ያልሰማሁት የልጄ ተረከዝ ነው። የፈራሁ እንዳይመስላችሁ። ናፍቆት ነበር።

ፈገግታቸው ቀስ እያለ ጠፋ።

"የዳሶም እናት... ማን ጋ ትተሻት ነው የመጣሽው? አባቷ አለ?"

"የለም።"

"ብቻዋን?!" ከዘራቸውን ፈልገው ያዙ። "ሂጂ እንጂ! የዚህ ዕድሜ ልጅ ብቻዋን ትተዋለች እንዴ? አንድ ነገር ብትሆንስ?"

ወጣሁ። ደረጃውን እንዴት እንደጨረስኩት አላውቅም። በሩ ላይ የቁጥር ቁልፉን ሁለት ጊዜ ተሳሳትኩ። ከውስጥ ይሰማኛል... ዱብ ዱብ ዱብ... እየሮጠች ነው። እዚያው ናት፣ አንድ በር ብቻ ነው መሃላችን ያለው።

በሦስተኛው ቁልፉ ጢጥ አለ።

ሩጫው ቆመ።

ገባሁ። ፀሐይ። ምንጣፍ። ማቀዝቀዣው ሆ... ይላል። ዳክዬዋ ዘመም ብላ ተንጠልጥላለች።

ሌላ ድምፅ የለም።

ያኔ ገባኝ። እሁድም ትላንትም በዚህ ሰዓት ቤት አልነበርኩም። እኔ በሌለሁበት ትሮጣለች። እኔ ካለሁ አትሮጥም። እናቷ አትሩጪ ብላታለቻ።

ሳሎኑ መሃል ተንበረከክሁ።

"ሩጪ..." አልኩ። "ሩጪ የኔ እናት። ማንም አይቆጣሽም። አባባ ራሳቸው ትሩጥ ብለዋል..."



የስፖንጁን ምንጣፍ አየሁት። ከሰገነቱ በር አጠገብ፣ ፀሐይ ያረፈበት ቦታ ላይ፣ ሽምብራ ሽምብራ የሚያህሉ አምስት ጉድጓዶች ነበሩ። እያየኋቸው ቀስ ብለው ሞሉና ጠፉ።

አንድ እርምጃ ቀረብ ብሎ... ሌላ አምስት።

ከዚያ ሌላ።

ጣቶች ብቻ። ተረከዝ የለም።

ጉልበቴ ሥር ደርሰው ቆሙ። ወደ ታች እጄን ሰደድኩ። እርጥብ ነው። ጣቴን ወደ አፌ ወሰድኩት።

ጨው።

የግድግዳው ስልክ መጮህ ጀመረ። አባባ ባንግ ናቸው፣ ደርሳ ይሆን ብለው። አላነሳሁትም።

"ተረከዝሽን አሳርፊ የኔ እናት" አልኩ በሹክሹክታ። "ደክሞሻል... አሳርፊው።"

ስልኩ ጮሆ ጮሆ ዝም አለ።

ከአምስቱ ጉድጓዶች ኋላ፣ ምንጣፉ ቀስ ብሎ... ቀስ ብሎ... ክብ ሆኖ ሰመጠ።