ቀንድ የሌለው አመድ

ሰኞ ጠዋት አስታ ሜዳ ላይ የተቃጠለ የበግ ጸጉር ሽታ አፍንጫ ይሰነጥቅ ነበር።

ሠላሳ ሬሳ። የጋጣው ጣራ ወድቋል፣ ግድግዳው ጠቁሯል፣ ከሥሩ የከሰለ አጥንት ተደራርቧል። ዋና ሳጅን ሰርካለም የጃኬቷን ኮሌታ ወደ አፍንጫዋ ስባ አመዱ ውስጥ ገባች። ከአጥሩ ውጭ የቆመው ገበሬ አፍጥጦ ያያታል። አንድም ሰው «እንዴት አደርሽ» አላላትም። እሷ የዚሁ አገር፣ የራቤል ከተማ ልጅ ናት፤ መንዝና ግሼ ውስጥ ሰላምታ መንሳት ምን ማለት እንደሆነ ሰው አይነግራትም።

«እሰይ! ሌባውን ትታ ዘበኛውን የምታስር ፖሊስ መጣችልን!» አሉ አንዲት አሮጊት። እትዬ ጌታነሽ ናቸው፣ በቃጠሎው የታሰሩት የዘበኛው የጋሽ ወዳጆ ሚስት።

ሰርካለም ጎንበስ ብላ ሬሳዎቹን መቁጠር ጀመረች። 

አስታ ሜዳ ከመሐል ሜዳ ወጣ ብሎ ያለ የበግ ዝርያ ጣቢያ ነው። ሠላሳ ዓመት የመንግሥት ነበር። ገበሬው አንድ አውራ በግ በውሰት ይወስዳል፣ ከሴቶቹ ጋር ያከርመዋል፣ አመስግኖ ይመልሳል። ዘንድሮ «ወደ ግል ይዛወራል» ተባለ። መጀመሪያ መናኸሪያው፣ ቀጥሎ የውሃ ቦኖው፣ አሁን ደግሞ አውራ በግ! ከእንግዲህ ዘር የፈለገ ከፍሎ ይወስዳል፣ ያልቻለ ደግሞ የደቀቀ በጉን እያየ ይቀመጣል። ርክክቡ ለሐሙስ ተቀጥሮ ነበር። እሁድ በቅዳሴ ሰዓት፣ ሰው ሁሉ ቤተ ክርስቲያን እያለ፣ ጋጣው ነደደ።

ስልኳ ጮኸ። ኮማንደር ገሠሠ፣ አለቃዋ።

«ምን ትቆፍሪያለሽ አንቺ? ሰውዬው በስብሰባ ላይ ‹ለባለሀብት ከሚሰጡስ እሳት ይብላቸው› ብሏል። ሁለት መቶ ሰው ሰምቷል። የጋጣው ቁልፍ ኪሱ ውስጥ ተገኘ። እጁ ተቃጥሏል። ነገ ሦስት ሰዓት ፍርድ ቤት ታቀርቢዋለሽ።»

«በጎቹን ልቁጠር ብዬ ነው ጌታዬ።»

«የጣቢያው ዶክተር ቆጥሯል። ሠላሳ የጆሮ ቆርቆሮ ከነቁጥሩ ከአመዱ ወጥቷል። በቃ!»

ጆሮዋ ላይ ዘጋባት።

በሩ ላይ የገዢው ኩባንያ ወኪል አቶ አወቀ ቆሟል። ጫማው አመድ እንዳይነካው ድንጋይ ላይ ወጥቷል። ገበሬው ሁሉ ያቃጠለው እሱ ነው ይላል። እውነቱን ለመናገር ሰርካለምም እሱ ቢሆን ደስ ይላት ነበር።

«እሁድ ጠዋት የት ነበሩ?»

«ደብረ ብርሃን። ሆቴሉን ጠይቂ።»

«ሰው ልከው ሊሆን ይችላል።»

«እመቤቴ» አለ በንቀት፣ «እኛ የፈለግነው አውራዎቹን ነው። ይሄ ብርድ የጠጣ ሜዳ ምን ያደርግልናል? የራሴን ንብረት የማቃጥል እብድ እመስላለሁ?»

አይመስልም። ሰርካለም በንዴት ጥርሷን ነከሰች። የምትጠላው ሰው እውነት ሲናገር መስማት እንዴት ያንገበግባል!

ተመልሳ ወደ አመዱ ገባች። አንድ ራስ ቅል አነሳች፣ ጠረገችው። አስቀመጠች። ሌላ አነሳች። ሌላ። አምስተኛው ላይ እጇ ቆመ።

የመንዝ አውራ በግ ቀንዱ ተጠምዝዞ ጆሮውን ይከባል። እሳት ቀንዱን ቢበላው እንኳ ውስጡ ያለው አጥንት ጉቶ ሆኖ ይቀራል። እነዚህ ቅሎች ግን ልሙጥ ናቸው። ሠላሳውንም አየች። ሠላሳውም ልሙጥ።

የሰርካለም አባት በበግ ነው ያሳደጓት። በዚህ አገር ቀንድ የሌላት ሴቷ መሆኗን ለማወቅ ትምህርት ቤት መግባት አያሻም። ከፍርስራሹ በታች የተኙት ሴት በጎች ናቸው፣ ያውም ጥርሳቸው ያለቀ አሮጊቶች።

«ወይ ጉድ!» አለች ለራሷ።

ቆርቆሮዎቹን ያወጣው ዶክተር ምንይሉ ነው፣ የጣቢያው ኃላፊ። አሥራ ዘጠኝ ዓመት በግ ሲያክም የኖረ ሰው። እነዚህን ቅሎች እያገላበጠ ሲቆጥር ይሄ አልታየውም?

ጋሽ ወዳጆ የጣቢያው ዘበኛ ናቸው፣ ሃያ ሰባት ዓመት። ፖሊስ ጣቢያው እስር ክፍል ውስጥ በፋሻ የተጠቀለሉ እጆቻቸውን ጭናቸው ላይ አስቀምጠው ተቀምጠዋል። ሰርካለም ስትገባ ፊታቸውን ወደ ግድግዳው አዞሩ።

«ጋሽ ወዳጆ፣ ቅዳሜ የት ዋሉ?»

«ራቤል። ዶክተሩ ደብዳቤ አድርስ ብሎ ላከኝ። መኪና አጥቼ ማታ ተመለስሁ።»

«ሲመለሱስ?»

«ጋጣው ተቆልፏል። ‹መድኃኒት ረጭቻለሁ፣ እስከ ሰኞ እንዳይከፈት› ብሎ ቁልፉን ሰጠኝ። ቁልፉን አንተ ጋ ይሁን አለኝ እኮ! አምኖኝ መስሎኝ!»

«በጎቹን አላዩአቸውም?»

«በሩ ተዘግቶ በምን ልያቸው?»  ከዚያ ድምፃቸው ዝቅ አለ። «ብቻ አንድ ነገር ከንክኖኛል። እኔ በጎቼን በጣሳ ነው የምጠራቸው። የወተት ዱቄት ጣሳ አለችኝ፣ ጨው አስገብቼ እነቀንቃለሁ። ድምጿን ከሰሙ በር ይሰብራሉ። ያን ማታ በሩ ላይ ነቀነቅሁ፤ አንድም አልመጣም። መድኃኒቱ አድክሟቸው ነው ብዬ ተውሁት።»

«እሁድስ?»

«ሲነጋ ዶክተሩ ወደ ቅዳሴ ሲያልፍ በጓሮ በኩል ዞሮ አየና ሄደ። ቆይቶ ጢስ ወጣ። ቁልፉ በሙቀቱ አልዞር አለኝ፤ በሩን በመጥረቢያ ሰበርሁ። ጢሱ ዓይኔን አሳወረኝ፣ ጣራው ወረደብኝ። ጩኸታቸውን ሰምተሻል ልጄ? አልሰማሽም። በስብሰባ የተናገርሁት የንዴት ነው። በምላሴ እኮ ነው እንጂ በልቤ አይደለም!» አለቀሱ። የተጠቀለለ እጃቸው እንባቸውን መጥረግ አልቻለም።

ሰርካለም ነጠላቸውን አንስታ ጠረገችላቸው። ፊታቸውን አላዞሩባትም።

«ጣሳዋ የት አለች?»

«ዘበኛ ቤቱ ውስጥ፣ ምስማር ላይ።»

ሠላሳ አውራ በግ ኪስ ውስጥ አይደበቅም። ከመሐል ሜዳ በመኪና ከወጣ ኬላ አለ፤ ኬላው ደግሞ የእንስሳት ጤና ወረቀት ሳያይ ገመድ አያወርድም። ሰርካለም ከሰዓት በኋላ እዚያ ደረሰች። የኬላው ሠራተኛ የቅዳሜን ወረቀቶች እያጉረመረመ ሰጣት።

ሦስተኛው ወረቀት ላይ «ሠላሳ አውራ በግ፣ ከበሽታ ነፃ» ይላል። ተረካቢው የአንድ በግ ማድለቢያ ባለቤት ነው። ከወረቀቱ ግርጌ ያለውን ፊርማ የወረዳው ሰው ሁሉ ያውቀዋል። ዶክተር ምንይሉ። ለሰረቀው በግ የጤና ምስክር ወረቀት ጽፎለታል! የሥራ ልማድ የሚሉት ይሄ ነው፤ ሰውየው ሲሰርቅም ማኅተም አይረሳም።

የማድለቢያው ባለቤት ማን ነው ብላ ጠየቀች።

«የዶክተሩ አማች ነዋ» አለ ሠራተኛው።

ማክሰኞ ማለዳ ፒክአፑ ከፖሊስ ጣቢያው ወጣ። ከኋላ ጋሽ ወዳጆ ከአንድ ኮንስታብል ጋር፤ ከፊት ሾፌሩ፣ ሰርካለምና ዶክተር ምንይሉ። ለምስክርነት ነው ብላው ሱፉን ለብሶ ነው የመጣው።

ከአደባባዩ መኪናው ወደ ደብረ ብርሃን መንገድ ታጠፈ።

«ፍርድ ቤቱ በዚህ በኩል አይደለም» አለ ዶክተሩ።

«አውቃለሁ።»

«ሦስት ሰዓት ይደርሳል እኮ!»

«ይድረስ።»

ስልኳ ጮኸ። ኮማንደሩ ነው። አጠፋችው። ተሳስታ ከሆነ ማዕረጓ ዛሬ አለቀለት፣ ሽማግሌውም አሥር ዓመት ይፈረድባቸዋል። 

ማድለቢያው ሰፊ ግቢ ነው። ሰባ የሚሆኑ በጎች ተደባልቀው ድርቆሽ ይበላሉ። ባለቤቱ ደንግጦ ወደ ዶክተሩ አየ። ዶክተሩ ግን ቶሎ ተረጋጋ።

«የአማቼ በጎች ናቸው። ከገበያ የተገዙ። ቁጥር አላቸው? የላቸውም። ሳጅን፣ ይሄን ለበላይሽ ሳመለክት ምን ልትይ ነው?»

ሰርካለም ወደ መኪናው ተመልሳ ከመቀመጫው ሥር ጣሳዋን አወጣች፤ ዳር ዳሯ የዛገ፣ ወገቧ የጎደጎደ። የጋሽ ወዳጆን ካቴና ፈታች። በፋሻው መሐል በአውራ ጣታቸውና በክንዳቸው አጣብቀው ያዟት።

ነቀነቋት።

መጀመሪያ አንድ ጠይም አውራ ራሱን ቀና አደረገ። ከዚያ ሌላ። ከዚያ ግቢው ተረበሸ። ቀንዳሞቹ ድርቆሹን ጥለው፣ ሌሎቹን እየገፉ፣ አጥሩን ሊጥሱ መጡ። የቀሩት አርባዎቹ አልተነቃነቁም፣ መብላታቸውን ቀጠሉ። ሰርካለም ቆጠረች። ሠላሳ። የሁሉም ግራ ጆሮ የተበሳ ነው፤ ቆርቆሮው የተነቀለበት ቁስል ገና አልጠገገም።

«እናንተ አላችሁ?» አሉ ጋሽ ወዳጆ። «አላችሁ የኔ ጌቶች?» በጎቹ ፋሻቸውን ይልሳሉ፣ እሳቸው ይንሰቀሰቃሉ።

ሰርካለም ወደ ዶክተሩ ዞረች። እስከ ትናንት «እርስዎ» ትለው ነበር።

«በምን አቃጠልከው?»

ዶክተሩ መኪናው ላይ ተደገፈ። ሱፉ በድንገት የሰፋው መሰለ።

«በጧፍ። በጓሮው መስኮት ጭዱ ላይ ተከልሁት። ነድዶ እስኪያልቅ እኔ ቅዳሴ ውስጥ ነበርሁ።»

«ከነሕይወታቸው።»

«ከገበያ በርካሽ የገዛኋቸው አሮጌ በጎች ናቸው…»

«ከነሕይወታቸው ነው ያልሁህ!»

ዶክተሩ ቀና አለ። ከዚያ ቁጣው ገነፈለ። «እነዚህን አውራዎች የፈጠርኋቸው እኔ ነኝ! አሥራ ዘጠኝ ዓመት ማን ከማን እንደሚዳቀል የመረጥሁት እኔ! አንድ ቀን የስንብት ደብዳቤ ሰጡኝ። በጎቼን ከበርና ከመስኮት ጋር ደርድረው፣ ‹የጣቢያው ንብረት› ብለው ሸጡብኝ። በግ አይቶ ለማያውቅ ሰው! እነሱ ሲወስዱ ጨረታ፣ እኔ ስወስድ ሌብነት?»

ሰርካለም ግማሹ እውነት መሆኑን አወቀች። ግን እነዚያን የተጠቀለሉ እጆች አየች።

«ጋሽ ወዳጆስ? እሳቸው ምን ወሰዱብህ?»

ዶክተሩ ዓይኑን ሰበረ። «በስብሰባው ተናግሮ ነበር። ሰው ያምናል ብዬ ነው።»

ካቴናውን እሱ እጅ ላይ አጠለቀችው።

ወር ሳይሞላ የፍርድ ቤት ትእዛዝ መጣ። አውራዎቹ ኤግዚቢት ስለነበሩ ለሕጋዊ ባለቤታቸው ይመለሱ ይላል። ባለቤቱ ደግሞ አሁን ኩባንያው ነው። አስረካቢ፣ ዋና ሳጅን ሰርካለም።

ደሟ ፈላ። ግን ትእዛዝ ትእዛዝ ነው። አስታ ሜዳ ስትደርስ ገበሬው እንደገና አጥሩ ላይ ቆሟል። ዛሬም ሰላም የሚላት የለም።

«ታዲያ ምን ተረፈን?» አሉ እትዬ ጌታነሽ። «ያኛው ተደብቆ ወሰደ፣ እነዚህ በወረቀት ወሰዱ። ለእኛ ያው ነው! የዘንድሮ ግልገላችን ከየት ይመጣል?»

አቶ አወቀ አይሱዙ መኪናና ጫኚ ሰዎች ይዞ መጥቷል። በጎቹን ቆጠረ፣ ወረቀቱን አነበበ፣ ፈረመ። «ሠላሳ አውራ በግ በሙሉ ጤንነት ተረክቤያለሁ» ይላል። ሰርካለም ቅጂዋን አጥፋ ኪሷ ከተተች።

በጎቹ ግን መኪና አንወጣም አሉ። ሰዎቹ ቀንድ ይዘው ጎተቱ፣ ገፉ፣ ተረገጡ። አውራዎቹ ንቅንቅ!

«ሳጅን» አለ አወቀ እያለከለከ፣ «ያቺን ጣሳ ስጪኝ። እዚያ አንቺ መኪና ውስጥ ናት።»

ጣሳዋ ከኤግዚቢቱ ጋር ተመልሳ ነበር። ሰርካለም አወጣቻት። ወደ አወቀ አየች። ከዚያ የሽያጩን ዝርዝር ተቀብላ ከላይ እስከ ታች በእርጋታ አነበበች።

«ጋጣ አለ። በር፣ መስኮት፣ የድርቆሽ መጋዘን፣ ሠላሳ አውራ በግ አለ። ጣሳ ግን የለም።»

«ምን ማለትሽ ነው?»

«ጣሳዋ የሰው የግል ንብረት ናት። የግል ንብረት ደግሞ ይከበራል አይደል አቶ አወቀ?»

ወደ አጥሩ ሄዳ ጣሳዋን ለጋሽ ወዳጆ ሰጠቻቸው። ሽማግሌው ጠባሳ በወረሰው እጃቸው ተቀበሏት። በጎቹን አላዩም፣ አንዲት ቃል አልተናገሩም። ነጠላቸውን አስተካክለው የገበሬው ሴት በጎች በተሰማሩበት በኩል ወደ ቤታቸው የሚወስደውን ዳገት ጀመሩ። በያንዳንዱ እርምጃ የጣሳዋ ጨው ኮሽ፣ ኮሽ ይላል።

ሠላሳው አውራ ራሱን ቀና አደረገ።

ሰዎቹ ከመጮኻቸው በፊት መንጋው በመሐላቸው አልፎ ወጥቷል። ገበሬው አጥሩን ለቀቀላቸው፤ ለሰዎቹ ግን አለቀቀም።

«አስቁሚያቸው እንጂ! ሳጅን! በጎቼ እየሄዱ እኮ ነው!»

ሰርካለም ኪሷን መታ መታ አደረገች።

«በሙሉ ጤንነት ተረክበዋል፣ ፈርመዋል» አለች። «ከዚህ በኋላ የግልዎ ጉዳይ ነው።»

ወደ መኪናዋ ስትሄድ እትዬ ጌታነሽ መንገዷ ላይ ቆመው አገኘቻቸው። አሮጊቷ ለአፍታ አዩዋት።

«እንዴት ዋልሽ ልጄ» አሏት።