የቁምሳጥን ወገብ

ባሌን የሚያውቁት ሁሉ «ቁምሳጥን» ይሉታል። ሥራው የቤት ዕቃ ማጓጓዝ ነው። ፍሪጅ አዝሎ አራተኛ ፎቅ ሲወጣ ብታዩት ስሙ እንዳልበዛበት ትመሰክራላችሁ። ታዲያ ይኼ ፍሪጅ የማይከብደው ሰው በወሬ ከመውደቅ ለጥቂት ነው የተረፈው። ባሌ ነው ብዬ አልሸፍንለትም፤ እሱ ራሱ «ተናገሪው፣ ሰው ይማርበት» ብሎኛል።

ታናሽ እህቱ ትራፊክ ፖሊስ ናት። በዚያች በአንድ ፍሬ ሰውነቷ አደባባይ መሀል ስትቆም የጭነት መኪና ሾፌር ሁሉ ፍሬን ይረግጥላታል፤ ምላሷማ ከፊሽካዋ ይብሳል። መጀመሪያ ድካም ነው አለች። ቆይቶ ፊቷ ገረጣ፣ ምንም ሳይነካት ክንዷ ይበልዝ ጀመር፣ ጥርሷን ስትቦርሽ ድዷ ይደማል። አንድ ቀን እዚያው አደባባይ ላይ ተዝለፍልፋ ወደቀች።

ሐኪሟ ረጋ ያለች ሴት ናት፤ ቁጭ አድርጋ አስረዳችን። ደም የሚመረተው አጥንት ውስጥ ባለው መቅኒ ነው፤ የእሷ መቅኒ ደግሞ ማምረት አቁሟል። የሰው ደም ቢሰጣትም ለጊዜው ነው እንጂ አያድናትም። የሚያድናት ስቴም ሴል የሚባሉትን፣ ደም የሚያመርቱትን ሕዋሶች፣ ከሚገጥማት ጤነኛ ሰው ብታገኝ ነው። ወንድም እህት ሁሉ ተመረመረ። የገጠመው ቁምሳጥን ብቻ ሆነ።

«እንኳን መቅኒ ልቤንም ውሰዱ!» ብሎ ፎከረ። ፉከራው ግን ያሳደጉት አክስቱ ቤታችን እስኪመጡ ድረስ ነበር።

«አብደሃል ልጄ?» አሉት ገና ሳይቀመጡ። «የወንድ ጉልበቱ መቅኒው አይደል እንዴ? ከወገብህ መጥጠው ከወሰዱት በኋላ እንኳን ፍሪጅ ትራስም አታነሳ! ልጆችህን ማን ያበላልሃል?»

«እትዬ፣ ይኼን ማን ነገረዎት?» አልኳቸው።

«ሰው ነዋ! አንዱ ሰጥቶ ሽባ ሆኖ ቀረ ይባላል።»

«ማን ነው እሱ? የት ነው ያለው?»

«እኔ ምን አውቄ! ይባላል ነው ያልኩሽ።»

አያችሁ? «ይባላል» እናት የለው፣ አባት የለው፣ ተይዞ አይጠየቅ፤ ስንቱን ግን ቀበረ! አክስቲቱ ክፉ ሆነው አይደለም፣ ፈርተውለት ነው። ፍርሃት ደግሞ ይጋባል። ቁምሳጥኔ ሐኪሟ ስትደውልለት ስልክ አላነሳ አለ። እህቱን ልጠይቅ ስወጣ «ሰላም በይልኝ» ብሎ ፊቱን ያዞራል። ይባስ ብሎ ወገቡን ይዞ ማቃሰት ጀመረ።

«አንተ! ገና ማን ነካህና ነው?»

«እንዴት እንደሚሆን ልየው ብዬ ነው» አለኝ። ሳቅም እንባም አንድ ላይ መጣብኝ።

በመጨረሻ ሐኪሟ አስጠራችን። እጁን ጎትቼ ወሰድኩት።

«ነገ ለእህትዎ ከባድ መድኃኒት እንጀምራለን» አለችው። «የእርስዎ ሕዋሶች ቦታ እንዲያገኙ የታመመውን መቅኒ ጠርጎ የሚያጠፋ ነው። ከዚያ በኋላ እርስዎ ከቀሩ የራሷም የላትም፣ የእርስዎም የላትም። ትሞታለች። እምቢ ማለት መብትዎ ነው፣ ማንም አያስገድድዎትም። እምቢ የሚባለው ግን ዛሬ ነው።»

ወገቡን በሁለት እጁ ያዘ። ላቡ ይንቆረቆራል። ትዕግሥቴ አለቀ።

«የፈራኸውን ለምን አትጠይቃትም? አፍህ የት ሄደ?»

«ወገቤን... ወገቤን ነው የምትወጉኝ?» አለ በቀጭን ድምፅ።

ሐኪሟ አልሳቀችበትም። «አይደለም። ሕዋሶቹ ከአጥንት ወጥተው ደም ውስጥ እንዲገቡ ለጥቂት ቀናት መርፌ ይወጋሉ። አጥንትዎን ይቆረጥምዎት ይሆናል፣ ያልፋል። ከዚያ ደምዎ በአንዱ ክንድ ወጥቶ በማሽን ያልፍና የምንፈልገውን ለይተን ቀሪውን እንመልስልዎታለን። አንዳንድ ጊዜ ከዳሌ አጥንት ይወሰዳል፤ እሱም በማደንዘዣ ነው። አከርካሪዎን የሚነካው የለም። የሰጡትንም ሰውነትዎ ይተካዋል።»

«ፍሪጅስ?»

«ትንሽ አርፈው ያነሳሉ።»

ወደ እህቱ ክፍል ገባን። ትራሱ ላይ ያለችው እሷ ናት ብሎ ለማመን ይቸግራል፤ እንዲያ ከስታለች።

«ወንድሜ» አለችው፤ የዚያን ቀን ቁምሳጥን አላለችውም። «ፈርተህ ከሆነ ዛሬ ንገረኝ። አልቀየምህም። ነገ ግን እንዳትተወኝ።»

አልጋው አጠገብ ተንበረከከ። «ስሚ» አላት። «እኛ ዕቃ ስንሸከም ከበደኝ የሚባለው መሬት ላይ ሳለን ነው። ደረጃ መሀል ከደረስን በኋላ ላይ ያለው ቢለቅ ታች ያለውን ነው የሚደፈጥጠው። እኔ ደረጃ ላይ ለቅቄ አላውቅም። ፈርቼ ነበር፣ አዎ፣ እንደ ሕፃን ፈርቼ ነበር። አሁን ግን ይዤሻለሁ።»

ተቃቅፈው አለቀሱ። እኔማ ኮሪደሩ ላይ ወጥቼ ነው ያለቀስኩት።

በመስጫው ቀን አክስቲቱ መጥተው ከጎኑ ተቀመጡ። ክንዱ ላይ መርፌው፣ አጠገቡ ማሽኑ፤ እሱ ጭራሽ እንቅልፍ ወስዶት ያንኮራፋል። ሲጨርስ የተሞላችውን ትንሽ ከረጢት አዩዋት።

«በቃ? ይኼው ነው?»

«ይኸው ነው፣ እናቴ» አለቻቸው ነርሷ።

«ለዚች ነው ልጄን ልከለክለው የነበረው?» ብለው ነጠላቸውን አፋቸው ላይ ያዙ፤ ቀና ብለው ሊያዩን አፈሩ።

ከዚያ በኋላ ቀላል ነበር አልልም። ትኩሳት አለ፣ አፏ ቆስሎ ውኃ መዋጥ የሚያቅታት ቀን አለ። አንድ ጠዋት ግን ሐኪሟ እየሮጠች ወጣች። «ይዟል! አዲሱ መቅኒ ደም እያመረተ ነው!» አክስቲቱ እልልታቸውን ሲለቁት ነርሶቹ «እናቴ፣ በሽተኛ አለ!» ብለው ቢቆጧቸው ማን ሰምቶ! ያቺው ልጅ ዛሬ አደባባይዋ ላይ ናት፤ እኔንም ያለ ዜብራ ስሻገር ይዛ ቀጥታኛለች። ቁምሳጥንም ትናንት ፒያኖ አውርዶ ገባ።

ወገኖቼ፣ ሁሉም በሽተኛ የሚገጥመው ወንድም የለውም፤ ያ ሰው የሚጠብቀው ባዕድ ነው። እኔ ሄጄ ለሚገጥመኝ በሽተኛ ልሰጥ ተመዝግቤያለሁ። አክስቲቱም «እኔንም መዝግቡኝ» ቢሉ ዕድሜዎ አልፏል ተባሉ። ተቆጥተው ወጡና በሳምንቱ ጎረምሳ ልጆቻቸውን እየነዱ መጡ። አንደኛው በሩ ላይ ቆም ብሎ «እማዬ፣ ወገብ ይሰብራል ይባላል እኮ» አላቸው።

«ወገብ የሚሰብረውስ የእህት ሬሳ ነው» አሉት። «ግባ!»