ከትልቁ ቃል በፊት

ቢልቂስ አሥራ ዘጠኝ ዓመት ሙሉ ዝም ብላ የኖረች ልጅ ነበረች። ኮምቦልቻ ሰፈሯ ውስጥ «የሐዋ ልጅ እኮ አፍ ያላት አይመስልም» ይሏት ነበር፤ ደግሞ እኮ ማመስገናቸው ነው። ባለሱቅ ያላዘዘችውን ዕቃ ቢሰጣት እንኳ ያንኑ ይዛ ወደ ቤቷ ትመለሳለች።

እናቷ ናት ነገሩን ያመጣችው። «ነገ ሥራ ስትፈልግ በምን አፏ ልትመልስ ነው?» ብላ አባቷን ለመነችው። ደሴ ላይ፣ ከፒያሳ ትንሽ ወረድ ብሎ ባለ አሮጌ አዳራሽ፣ ጡረታ የወጡት መምህር ወርቅአፈራሁ ቅዳሜ ቅዳሜ ወጣቶችን ቴአትር ያስተምራሉ። አባቷም ካንገራገረ በኋላ ፈቀደ። ቢልቂስ በሚኒባስ የሐረጎን ዳገት ትወጣ ጀመር።

የመጀመሪያው ቅዳሜ ድምፅዋ ሁለተኛው ረድፍ እንኳ አልደረሰም። መምህሩ አልተቆጡም። ሙንዚር የሚባለውን ተማሪ ጠርተው የመጨረሻው ወንበር ላይ አስቀመጡት።

«አንተ ስትሰማት እጅህን ታነሣለህ። እስክትሰማት ዝም ትላለህ» አሉት።

ሙንዚር በአዘቦት ቀን ባጃጅ የሚነዳ፣ ሳቅ የሚቀድመው ልጅ ነው። አራት ቅዳሜ እጁን ጭኑ ላይ አድርጎ ተቀመጠ። አዝኖላት እንኳ አልዋሸላትም። በአምስተኛው ቅዳሜ ቢልቂስ ከመድረኩ ላይ «አልሄድም፣ አባዬ!» ስትል እጁ ቀስ ብሎ ተነሣ። ከዚያ ወዲያ ቢልቂስ የምትናገረው ለዚያ እጅ ብቻ ሆነ። መውደድ ማለት ይህ መሆኑን ያወቀችው ግን ዘግይታ ነው።

መምህር ወርቅአፈራሁ አንድ የማይለውጡት ትምህርት ነበራቸው። «ከትልቁ ቃል በፊት ሰባት ቁጠሩ» ይሉ ነበር። «ሰው ጆሮውን የሚሰጠው ለጩኸት አይደለም፤ ለዝምታ ነው። ዝም ስትሉ አዳራሹ ሁሉ ይጠብቃችኋል።» ቢልቂስ በነጠላዋ ሥር በጣቶቿ እየቆጠረች ተለማመደችው። ከሁሉም አብልጣ የቻለችውም እሷ ናት።

ሙንዚር ሽማግሌ ላከ። አባቷ በወጉ አስተናግዶ መለሳቸው። «ልጁ ጨዋ ነው አሉኝ። ግን ዛሬ አንዷን፣ ነገ ሌላዋን በሰው ፊት እወድሻለሁ ለሚል ልጄን አልሰጥም» አለ። ወር ሳይሞላ ደረቅ ወደቡ አጠገብ የመኪና መለዋወጫ ለሚሸጠው ለጣሀ ቃል ገባ። የቢልቂስም የደሴ መንገድ አበቃ።

መምህሩን ልሰናበት ብላ ለመጨረሻ ጊዜ በሄደች ቀን፣ እሷና ሙንዚር አዳራሹ በር ላይ ቆሙ።

«ኒካው ሲታሰር ሁለት ምስክሮች አንቺ ዘንድ ይገባሉ» አላት ሙንዚር። «እንዲድርሽ አባትሽን ወክለሽ እንደሆነ ይጠይቁሻል። አልወከልኩም ካልሽ ኒካ የለም። ወላሂ፣ ማንም አያስገድድሽም።»

«አባቴ ያፍራል።»

«ያፍራል። ይቆጣልም። አንድ ዓመት ያኮርፍ ይሆናል። እኔ ሁለት ዓመት እጠብቃለሁ።»

«ድምፄ እምቢ ቢለኝስ?» አለችው።

«አብሽሪ። እኔን ኋላ ወንበር ላይ እንደተቀመጥኩ አስቢኝ።»

የኒካው ቀን ሙንዚር ባጃጁን ይዞ ኮምቦልቻ ወረደ። መናኸሪያው አጠገብ ቆሞ ስልኳን ይጠብቅ ነበር። ቢልቂስ በሻሽ ተሸፍና በሴቶች ተከብባ ተቀምጣለች። በሩ ተከፈተና ሁለቱ ምስክሮች፣ ሼህ ዘይኑልአቢዲንና አጎቷ፣ ገቡ።

«ልጄ ቢልቂስ፣ ለጣሀ እንዲድርሽ አባትሽን ወክለሻል ወይ?»

ቢልቂስ አልፈራችም። ይህን ማንም አያምናትም እንጂ በዕድሜዋ እንደዚያ ቀን ደፍራ አታውቅም። ቃሉ አፏ ውስጥ ተዘጋጅቷል። ትልቅ ቃል ነውና በነጠላዋ ሥር ጣቷን አጠፈች። አንድ። ሁለት። ሦስት። ሁሉም እየጠበቋት ነው። አራት።

ሼሁ በፈገግታ ወደ አጎቷ ዞሩ። «ልጃገረድ ስታፍር ዝም ትላለች። ዝምታዋ ፈቃዷ ነው። ማሻአላህ» አሉ። ስንቷን ልጅ እንዲህ ጠይቀው እንደወጡ እሳቸው ያውቃሉ። ተያይዘው ወጡ።

«አልወከልኩም» አለች ቢልቂስ። ድምፅዋ ሙሉ ነበር፤ የደሴው አዳራሽ ቢሆን የመጨረሻው ወንበር ይደርስ ነበር። ግን ሼሁ ደጁን እንደረገጡ እልልታው ቤቱን ሞልቶት ነበር። የሰማቻት እናቷ ብቻ ናት። ሐዋ የልጇን እጅ ያዘች።

«ልጄ... ምነው ቀድመሽ?»

ደግማ ልትለው ተነሣች። በዚያው ቅጽበት ከደጅ የአባቷን ድምፅ ሰማች። «አልሐምዱሊላህ» እያለ ያለቅሳል። ሲያለቅስ ሰምታው አታውቅም። ተመልሳ ተቀመጠች።

ሙንዚር ጡሩምባ እየነፉ የሚያልፉትን መኪኖች አየ። እሺ ያለች መሰለው። ቆጥሬ ነበር ብትለው ማን ያምናታል? አልደወለችለትም።

ጣሀ ክፉ ሰው አይደለም። ክፉ ቢሆን ይቀላት ነበር። በዓመቱ ቴአትር እንደምትወድ ከእናቷ ሰምቶ፣ ሊያስደስታት ደሴ ወሰዳት። ዘግይተው ስለደረሱ የተረፈው የመጨረሻው ረድፍ ብቻ ነበር። መድረኩ ላይ ሙንዚር አባት ሆኖ ቆሟል። የቢልቂስን ቦታ የያዘችው ሊድያ የምትባል ልጅ ናት። የሙንዚር ድምፅ ኋላ ወንበር ድረስ ጥርት ብሎ መጣ። የቢልቂስ እጅ ሳታስበው ከጉልበቷ ተነሣ። ጣሀ የበረዳት መስሎት እጇን በሁለት እጁ ያዘላት።

ሊድያ ዝም አለች።

«ረሳችው እንዴ?» አለ ጣሀ በሹክሹክታ።

«አልረሳችም። ትጠብቃለች።»

«አልሄድም፣ አባዬ!» አለች ሊድያ። አዳራሹ በጭብጨባ ተናጋ።

ጣሀ ወደ ጆሮዋ ተጠጋ። «አንቺም ያን ቀን እንዲህ ዝም ብለሽ ነበር አሉ፤ ሼሁ አጫውተውኛል። እኔን ያን ያህል የወደደኝ ሰው የለም እያልኩ እስከዛሬ አስበዋለሁ። ትዝ ይልሻል?»

ቢልቂስ ሰባት ቆጠረች። ስምንት አለች። ዘጠኝ አለች። መብራቱ እስኪበራ ድረስ ቆጠረች።